64 ኪሎ ሜትር ያለ መንገድ መሪ

በእንግሊዝ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሯጮች የቀረበ ዲስኩር



ለኢትዮጵያውያን ስለ ሩጫ ማውራት «ለቀባሪው አረዱት» እንዳያሰኝብኝ እሰጋለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ፓርክ ወጥቶ አምስት ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አለ፤ ማራቶን የጨረሰ አለ፤ አገር ቤት እያለ የታላቁን ሩጫ ቲሸርት ለብሶ ከሕዝቡ ጋር የተጋፋም አይጠፋም። ስለዚህ ስለ ትንፋሽና ስለ ጉልበት ብዙ አልናገርም። የማወራችሁ ሯጩ መንገዱን ራሱ ፈልጎ ማግኘት ስላለበት ሩጫ ነው።

የጎዳና ሩጫ ላይ አብዛኛውን ነገር ሌሎች ያስቡልናል። መንገዱን ፖሊስ ይዘጋዋል፤ በየኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይቆምልናል፤ ውኃ የሚያቀብሉ ልጆች ጠረጴዛ ዘርግተው ይጠብቁናል፤ መታጠፊያው ላይ ሰደርያ የለበሰ አስተናባሪ እጁን ዘርግቶ «በዚህ በኩል» ይለናል። ዛሬ የምነግራችሁ ሩጫ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ሯጩ ካርታና ኮምፓስ ይዞ በአንዱ ጫፍ ይገባል፤ 64 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ በሌላው ጫፍ ይወጣል።

ቦታው ሰሜን ዮርክሻየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ቢል ካውሊ የተባለ የአካባቢው ገበሬና ጸሐፊ «ዴልስማን» በተሰኘው መጽሔት ላይ አንድ ፈተና አቀረበ፦ የኖርዝ ዮርክ ሙርስን ከፍታ ሳይለቅ፣ ከምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያቋርጥ ማን ነው? በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጀመሪያ ካውሊ ራሱ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አቋረጠው። ፈተናው «ላይክ ዌክ ዎክ» ይባላል። ስሙ የተወሰደው በአካባቢው ሬሳ ሲጠበቅ ይዜም ከነበረ ጥንታዊ የሐዘን ዜማ ነው። ባጁ ላይ የሬሳ ሣጥን አለበት፤ ለጨረሰ ሰው የሚላከውም የእንኳን ደስ ያለህ ካርድ ሳይሆን የሐዘን መግለጫ ነው። የዮርክሻየር ሰው ቀልዱ እንዲህ ነው። ፈተናው መጀመሪያ የታሰበው ለእግረኛ ቢሆንም ሯጮችም ከያዙት ቆይተዋል።

መነሻው ኦስመዘርሊ በምትባል መንደር አጠገብ ነው። መድረሻው ሬቨንስካር፣ የሰሜን ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ዳገቱ ሁሉ ሲደመር ወደ 1,500 ሜትር ይጠጋል። ከፍተኛው ቦታ ዩራ ሙር ላይ ያለው ራውንድ ሂል ሲሆን 454 ሜትር ነው። ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አያለሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ ተወልዶ ያደገ አዲስ አበቤ 454 ሜትርን ተራራ ብሎ ለመጥራት አፉ አይታዘዝለትም። ይሁን እንጂ የዚህ ምድር ፈተና ከፍታው አይደለም። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ ንፋስ የሚከልል ነገር የለም። መሬቱን የሸፈነው ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ ነው፤ ባሌ ወይም ሰሜን ተራሮች የወጣ ሰው የሚያውቀው የአስታ ዘመድ ነው፤ እዚህ ግን ከጉልበት አይዘልም። ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ፒት ይባላል። በውኃ ተነክሮ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ፣ በሺህ ዓመታት የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ነው። ሲደርቅ ለእግር ይመቻል፤ ሲርስ ማጥ ይሆናል። አናቱ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር የተሸከመ ሣር ካያችሁ እዚያ ውኃ አለና ዞር በሉ።

አገራችን ገጠር ውስጥ መንገድ የጠፋበት ሰው እረኛ ይጠይቃል። እረኛውም «እቺው ናት» ይለዋል፤ እቺውም ግማሽ ቀን ታስኬዳለች። ሙር በሚባለው በዚህ ገላጣ ምድር ላይ ግን እረኛውም የለም፤ ቢበዛ የምታገኙት በጎቹን ነው።

ከዛሬው ምሽት አንድ ሐሳብ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ። እቅድ ማለት የጠገበ፣ የሞቀውና እንቅልፉን የጨረሰ ሰው፣ ለሚርበው፣ ለሚበርደውና እንቅልፍ ለሚያዳፋው ለዚያው ለራሱ የሚጽፈው ትእዛዝ ነው። ንጋት ላይ፣ ዝናብ ፊት እየገረፈ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ሮጦ የቆመ ሰው በቀላሉ ነገር ይሳሳታል፤ ሲሳሳትም እርግጠኛ ሆኖ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መወሰን የሚቻለውን ሁሉ ቤታችን፣ ጠረጴዛ ላይ እንወስነው።

ከካርታው እንጀምር። ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያትመው የ1 ለ25,000 ካርታ ላይ አራት ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ኦኤል 26 ምዕራቡን፣ ኦኤል 27 ምሥራቁን ይይዛል። ሁለቱንም ዘርጉና ጣታችሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኪዱት። ቡናማዎቹ ቀጫጭን መስመሮች ሲቀራረቡ ዳገት ነው፤ ሲራራቁ ሜዳ ነው። አረንጓዴው የተቆራረጠ መስመር ሕዝብ የማለፍ መብት ያለው መንገድ ነው። ልብ በሉ፤ መብት አለ ማለት መንገዱ መሬት ላይ ይታያል ማለት አይደለም። ሄዘሩ ውጦት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ጉዞውን ቆራርጡት። መንገዱ የመኪና መንገድ የሚያቋርጥባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አምስት ናቸው፦ ክሌይ ባንክ፣ ብላኪ፣ ሄመር፣ ኤለር ቤክ እና ጃገር ሃው። ስድስት ክፍል ሆነ ማለት ነው። 64 ኪሎ ሜትር ሲታሰብ ያስፈራል፤ ወደሚቀጥለው የመኪና መንገድ መድረስ ግን ማንኛችሁም የምትችሉት ነው።

ለእያንዳንዱ ክፍል ሰዓት ይሰላለታል። ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። ከክሌይ ባንክ እስከ ብላኪ ያለውን ክፍል ልውሰድ። 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መጀመሪያ ላይ 200 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። በኔይስሚዝ ስሌት ለእግረኛ 3 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይሆናል። ለሯጭ በኪሎ ሜትር ሰባት ደቂቃ ተኩል፣ ለየ10 ሜትሩ ዳገት አንድ ደቂቃ እንያዝ፤ 105 ደቂቃ እና 20 ደቂቃ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። ማራቶንን በሦስት ሰዓት የሚጨርሰው ወንድማችን «ሰባት ደቂቃ ተኩል? እኔ?» ይለኝ ይሆናል። አዎ፣ አንተ። ጀርባህ ላይ ቦርሳ አለ፤ በር ከፍተህ ትዘጋለህ፤ ካርታ ለማየት ትቆማለህ፤ ማጥ ትዞራለህ።

ጠቅላላውን በእግረኛው ስሌት ስናሰላው 15 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይመጣል። ከ24 ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ሰዓት የሚጠጋ ይተርፋል። ይህ ትርፍ የጉም፣ የማጥ፣ የጠፋ መንገድና የሾርባ ድርሻ ነው። ብዙ ቢመስልም አይበዛም።

የመነሻ ሰዓትንም አጥብቃችሁ አስቡበት። ጥያቄው «ስንት ሰዓት ይመቸኛል?» ሳይሆን «የትኛው ክፍል ጨለማ ላይ ቢውል ይሻላል?» ነው። በጁን ወር በዚያ አካባቢ ፀሐይ በእንግሊዝ ሰዓት ከንጋቱ 4:30 ገደማ ትወጣለች፤ ማታ 9:30 ካለፈ በኋላ ትጠልቃለች። በዲሴምበር ግን የቀን ብርሃን ስምንት ሰዓት አይሞላም። የመንገዱ ምዕራባዊ ክፍል በ1969 የተከፈተው የክሊቭላንድ ዌይ አካል ስለሆነ ምልክት አለው፤ በብዙ ቦታም ድንጋይ ተነጥፎለታል። ምሥራቁ ግን ምልክት የለሽ ነው። ስለዚህ በጁን እኩለ ሌሊት ላይ ከኦስመዘርሊ የተነሳ ሯጭ ጨለማውን በቀላሉ መንገድ ላይ ያሳልፋል፤ ክሌይ ባንክ አካባቢ ይነጋጋለታል፤ ከባዱን ክፍል በሙሉ ብርሃን ያገኘዋል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መሮጥም ሌላ ጥቅም አለው፤ እዚያ የሚበዛው ንፋስ የምዕራብ ስለሆነ ከኋላ ይገፋል።

አሁን መንገዱ ላይ ያሉትን ወጥመዶች ላሳያችሁ። የመጀመሪያው ብሎወርዝ ክሮሲንግ ነው። እስከዚያ ድረስ ሯጩ የክሊቭላንድ ዌይን ምልክት፣ ያቺን የኦክ ፍሬ ሥዕል፣ ሌሊቱን ሙሉ ተከትሎ መጥቷል። ብሎወርዝ ላይ ምልክቷ በድንገት ወደ ግራ፣ ወደ ሰሜን ትታጠፋለች። የላይክ ዌክ መንገድ ግን በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ ወደፊት ይቀጥላል። ጭንቅላቱ የደነዘዘ ሯጭ የለመዳትን ምልክት ተከትሎ ኪልዴል ወደምትባል መንደር ሊወርድ ይችላል። ይህን ቦታ ካርታችሁ ላይ በቀይ ክበቡት፤ ከጎኑም «ምልክቷን ተዋት፣ ሃዲዱን ያዝ» ብላችሁ ጻፉበት።

ሃዲዱ ስል ዛሬ ብረቱ የለም። ከሮዝዴል የብረት ማዕድን ለማውጣት በ1861 የተከፈተ፣ በ1929 የተዘጋ መስመር ነው። የፋርንዴልን ሸለቆ ራስ እየዞረ ይጠማዘዛል እንጂ አይወጣም፣ አይወርድም። እዚህ ላይ እግር ደስ ይለዋል፤ ፍጥነትም ይመጣል። የኔ ምክር፦ እዚህ ብሉ፣ ጠጡ፣ የሚቀጥለውን ካርታ አውጡ። ፍጥነቱን ለምሥራቁ ቆጥቡት።

ብላኪ ላይ ላየን ኢን የተባለ መጠጥ ቤት አለ። ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ በነጭ ቀለም የተቀባ፣ አጭርና ደንዳና የድንጋይ መስቀል ቆሟል፤ «ፋት ቤቲ» ይሉታል። ልማዱ ደስ ይላል። አላፊው ከስንቁ ቀንሶ ድንጋዩ ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው ያስቀመጠውን አንስቶ ይሄዳል። እኔ በወረቀት በተጠቀለለ ቆሎ አንድ ቸኮሌት ለውጫለሁ። ቆሎውን ያገኘው እንግሊዛዊ ምን እንዳለ ግን አልሰማሁም።

ከፋት ቤቲ በኋላ መንገድ መሪ የሚባል ነገር ያበቃል። ሉዝ ሃው ከሚባለው ጉብታ ወደ ሄመር፣ ከሄመር ብቻውን ወደቆመ አንድ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ወደ ዊልዴል ጅረት፣ ከጅረቱ መረማመጃ ድንጋዮች ወደ ሳይመን ሃው፣ ከዚያ ወደ ኤለር ቤክ ይኬዳል። በስተምሥራቅ የፋይሊንግዴልስ የአየር ኃይል ጣቢያ፣ ጫፉ የተቆረጠ ፒራሚድ የመሰለው የራዳር ሕንፃ፣ ከሩቅ ስለሚታይ ጥሩ መመሪያ ነው። ቀጥሎ ሊላ ክሮስ አለ። በ626 ንጉሥ ኤድዊንን ለማዳን ሰውነቱን ለገዳይ ስለት የሰጠው የሊላ መታሰቢያ ነው ይባላል። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ የጃገር ሃው ሸለቆ ይጠብቃችኋል። ካርታው ላይ ትንሽ ናት፤ የከፍታ መስመሮቹ ግን ተጨናንቀዋል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ወርዶ መውጣት እንዴት እንደሆነ ሯጭ ያውቀዋል። ለእሷ የሚሆን ጣፋጭ ነገር ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ።

ጉም ቢመጣስ? ይመጣል። በተለይ በፀደይና በበጋ መጀመሪያ ከሰሜን ባሕር የሚነሳው ጉም ምሥራቁን ክፍል ይሸፍነዋል። ያኔ ዓይን ሥራ ይፈታል፤ ኮምፓስ፣ ሰዓትና የእርምጃ ቁጥር ይተኩታል። አንድ ስሌት ያዙልኝ፦ አቅጣጫችሁ በ5 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ከሮጣችሁ በኋላ ከታሰበው ቦታ 87 ሜትር ወጥታችኋል። በጉም ውስጥ 87 ሜትር ማለት የጅረቱን መሻገሪያ አለማየት ማለት ነው። መፍትሔው ሆን ብሎ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ነው። መሻገሪያውን በቀጥታ አታልሙ፤ ከእሱ በስተግራ አልሙ። ጅረቱ ጋ ስትደርሱ መሻገሪያው በቀኝ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ወዲያ ወዲህ መባዘን አይኖርም። ደግሞ ሁልጊዜ «አልፌዋለሁ» የሚያሰኛችሁን ነገር፣ አጥር ይሁን ጅረት ይሁን መንገድ፣ አስቀድማችሁ ምረጡ። እሱን ካያችሁ ቁሙ።

ጂፒኤስ ያለው ስልክ ወይም ሰዓት አትያዙ አልልም፤ እኔም እይዛለሁ። ነገር ግን ብርድ ባትሪ ይበላል፤ ዝናብ ላይ የስልክ መስታወት ጣት አይሰማም፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የወረቀት ካርታ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይያዝ፤ አጠቃቀሙም በሰላሙ ቀን ይለመድ።

ቦርሳ ውስጥ ምን ይግባ? ኮፍያ ያለው ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ ሙቅ ልብስ፣ ቆብ፣ ጓንት፣ የራስ ባትሪ ከመለዋወጫው ጋር፣ ፊሽካ፣ ተጎድቶ ለቆመ ሰው የሚሆን የድንገተኛ ከረጢት፣ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ምግብ። የሮጠ ሰው ይሞቀዋል፤ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ የቆመ ሰው ግን በእርጥብ ቲሸርት በደቂቃዎች ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ቦርሳው የሚታሸገው ለሚቆመው ሰው ነው። ስለ ምግብ ደግሞ አባቶቻችን የመንገድ ስንቅ ያውቃሉ። ጭኮ ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ በሶ በውኃ ይበጠበጣል። ከሱቅ ጄል ጋር ቀላቅሏቸው፤ ብቻ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሩት።

ወደ አጃቢዎቹ ልምጣ። መኪና ይዞ የሚጠብቃችሁ ሰው ከእናንተ ያላነሰ ይደክማል። እናንተ በሙሩ ላይ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ እሱ ሸለቆ ለሸለቆ ይዞራል። በጽሑፍ ስጡት፦ የት፣ ስንት ሰዓት፣ እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቅ፣ ከዚያ ማንን ይጥራ። ደግሞ ለእኛ ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ሰዓቱን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። «ስድስት ሰዓት ብላኪ እንገናኝ» ተባብለው አንዱ በሀበሻ፣ ሌላው በእንግሊዝ ቢቆጥሩ፣ አንዱ ሙር ላይ ሲንቀጠቀጥ ሌላው አልጋው ላይ ነው።

የማቋረጥ ውሳኔም አስቀድሞ ይወሰን። «እስከ ጠዋቱ ይህን ያህል ሰዓት ድረስ ብላኪ ካልደረስኩ መኪና ውስጥ እገባለሁ» ብላችሁ ጻፉና ለአጃቢው ስጡት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። በቡድን ከሄዳችሁ ፍጥነቱ የቀርፋፋው ሰው ፍጥነት ይሁን፤ ሌሊት ማንም ከማንም አይለይ። በዮርክሻየር ዴልስ የሚካሄደው ፌልስማን የተባለው ረጅም ፈተና ሲመሽ ተሳታፊዎችን ቡድን አድርጎ የሚያስኬዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የከፋ ነገር ከመጣ 999 ደውሉ፤ ፖሊስ ጠይቁ፤ ቀጥላችሁ የተራራ ነፍስ አድን ቡድን በሉ። የሚመጡላችሁ ሰዎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስልክ ካልሠራ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ አርፉ፣ ድገሙ።

ምድሩም መብቱ ይጠበቅለት። በ2000 የወጣው ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ ክፍት በተባለ ምድር ላይ በእግር የመሄድ መብት ሰጥቶናል። መብቱ ግዴታም አለው። ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ወፎች መሬት ላይ ጎጆ ስለሚሠሩ ውሻ በአጭር ገመድ ይያዛል። ከኦገስት 12 ጀምሮ ደግሞ የአደን ወቅት ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። በ1976ቱ ድርቅ የእነዚህ ሙሮች ሰፊ ክፍል ተቃጥሏል፤ ፒት ከውስጥ እየነደደ ስለሚቆይ እሳት ጨርሶ አይነካ። በ1970ዎቹ የተጓዡ ብዛት መንገዱን ክፉኛ ጎድቶት ነበርና ትንሽ ሆናችሁ ሂዱ፤ በትልቅ ጭፍራ አይሁን።

እህቶቼና ወንድሞቼ፤ ከመካከላችሁ ይህን የሚሞክር ካለ ልመናዬ አንድ ነው። የሚመጣውን ጁን ከመጠበቃችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ከብላኪ እስከ ሄመር ያለውን ክፍል ብቻ፣ በቀን፣ በካርታ ሂዱ። ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቱትና አንዱ ይምራ፣ ሌላው ይጠይቀው፦ «አሁን የት ነን?» መላሹ ካርታው ላይ ጣቱን ሳያመነታ ካስቀመጠ ለ64ቱ ኪሎ ሜትር መዘጋጀት ጀምራችኋል። ካመነታ ደግሞ የሚቀጥለው ቅዳሜም አለ። ኦስመዘርሊ ከሊድስ ሩቅ አይደለም፤ ካርታውም ከአንድ ጥንድ የሩጫ ጫማ በብዙ ይረክሳል።